የሚደበቀው ድካም የልብ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል

በትዳር ውስጥ ከሚያጋጥሙ ችግሮች መካከል እንደ ስንፈተ ወሲብ በዝምታ የሚታለፍ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባል ያፍራል፤ “ደክሞኛል” እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ አምሽቶ መግባትም ያበዛል። ሚስት በበኩሏ “ሌላ ወዳጅ ቢይዝ ነው” ብላ ትጠረጥራለች፤ አለዚያም “እኔን ቢጠላኝ ነው” እያለች ታዝናለች። ወሬውን የሰማ ጎረቤት ደግሞ “መተት ተደርጎበት ነው” ይላል። በዚህ ሁሉ መካከል ሳይታሰብ የሚቀረው የደም ሥር ጤንነት ነው።

ለመሆኑ የደም ሥር ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። የወንድ ብልት የሚቆመው ደም ቅዳ ሥሮቹ ላልተው ደም በብዛት ሲገባበት ነው። ሥሮቹን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚመነጨውም ከነርቮችና ከራሳቸው ከደም ሥሮቹ የውስጥ ሽፋን ነው። ሲጋራ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና በደም ውስጥ የበዛ ስብ ይህን ሽፋን ይጎዱታል።

የብልት ደም ቅዳ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ልብን የሚመግቡት ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ስለዚህ የደም ሥሮች መጥበብ ሲጀምሩ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታወቀው በቀጭኑ ነው። ሐኪሞች እንደሚገልጹት፣ ይህ ድካም የልብ ሕመም ከመሰማቱ ከ2 እስከ 5 ዓመት አስቀድሞ ሊታይ ይችላል። “የልብ በሽታ የሽማግሌ ነው” ብሎ የተዘናጋ የ35 ዓመት ጎልማሳ ማስጠንቀቂያው በእጁ ሳለ በኀፍረት ይደብቀዋል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ በወጣቶች ላይ ጭንቀት፣ የቤት ውስጥ ጠብ፣ መጠጥና አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህንኑ ችግር ያመጣሉ። ንጋት ላይ ብልቱ እንደ ወትሮው የሚቆም ከሆነ ምክንያቱ ወደ ሐሳብ ሊያደላ ይችላል። ይህም ከቀረና ድካሙ ቀስ በቀስ እየባሰ ከሄደ የደም ሥር ችግር ይጠረጠራል። ለይቶ መናገር ግን የሐኪም ሥራ ነው።

ደስ የሚለው፣ ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት ሊሻሻል መቻሉ ነው። የጣሊያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ችግር የነበረባቸውን ከ35 እስከ 55 ዓመት የሆኑ 110 ወፍራም ወንዶች በሁለት ከፍለው ለ2 ዓመት ተከታትለዋል። ምግባቸውን አስተካክለውና ሰውነታቸውን እያንቀሳቀሱ ክብደት እንዲቀንሱ በቅርብ ከተመከሩት 55 ሰዎች 17ቱ ወደ ጤናቸው ተመልሰዋል። ጠቅላላ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው 55 ሰዎች ግን የተሻላቸው 3ቱ ብቻ ነበሩ።

ብዙዎች የሚሯሯጡት ወደ ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ የቀረበው ሲልደናፊል ወይም ቪያግራ ለብዙዎች መርዳቱ አይካድም። ሆኖም የተጎዳውን የደም ሥር አያድንም። ለደረት ውጋት ናይትሮግሊሰሪን ከሚወስድ ሰው ጋር ከተገናኘማ የደም ግፊቱን በድንገት አውርዶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ የማይገባውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ እህቶች፣ ምን ታደርጋላችሁ? በልጆች ወይም በዘመድ ፊት አታንሡበት፤ በቀልድም አትንኩት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ “ይህ የጤና ጉዳይ ነውና አብረን እንሂድ” በሉት። በጤና ጣቢያ የደም ግፊቱን፣ የስኳሩንና የስቡን መጠን ያስለካ። ግፊቱ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። ሲጋራውን ይተው፤ ጫቱንና መጠጡን ይቀንስ፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ። ከወጡ ላይ ጨውና ዘይት መቀነሱ ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ይጠቅማል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዛሬ በኀፍረት የታለፈው ድካም ነገ ልጆችን ያለ አባት እንዳያስቀር፣ ጥርጣሬው ይቅርና ምርመራው ይቅደም።