ያውቁ ኖሯል? ክኒኑና ጭንቀቱ

ልብ ድው ድው ማለት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፦ የጭንቀት ምልክቶች ናቸው፤ የደም ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ «ጭንቀት ይዞኛል» የምትል ነፍሰ ጡር ደሟንም ብትመረመር ይበጃል።

የደም ማነስን ለመከላከልም የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። ፎሊክ አሲዱ ከእርግዝና በፊት ቢጀመር የሚሻለው፣ የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ስለሚዘጋ ነው፤ ያኔ ብዙዎች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም።

አይረን ሰገራን ያጠቁራል። አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ደንግጣ ክኒኑን ብታቆም አይፈረድባትም፤ ጥቁረቱ ግን ጉዳት የለውም። ቡናና ሻይ አይረኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርጉ፣ ክኒኑን ከቡናው አራርቆ መዋጥ ነው።

ጭንቀትን ራሱን የሚያድን ቫይታሚን ግን የለም። ሰግቶ መጠን መጨመርም አደገኛ ነው፤ ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል። ዘመድ ከውጭ የላከውን ቫይታሚን ከጤና ጣቢያው ክኒን ጋር ከመደረብ በፊት ዕቃውን ለባለሙያ ያሳዩ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለም ለአዋላጅ ነርሷ ይንገሯት።