ምላስና ነርቭ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በለድ ለሰው ልጅ ከዋለለት ጸጋዎች መካከል ዓይኖችን፣ ምላስንና ከንፈሮችን ይጠቅሳል። ምላስ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ሐሜት ነው፤ እርሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየንና ዛሬ ስለ ጣዕም እንነጋገር።

በምላሳችን ላይ ጣዕም የሚለዩ እጅግ ጥቃቅን እምቡጦች አሉ። አንዱ እምቡጥ ከ50 እስከ 100 የሚሆኑ ሴሎችን ይይዛል። የአብዛኞቹ ሴሎች ዕድሜ 10 ቀን ገደማ ነው፤ ያረጀው ሲሞት በአዲስ ይተካል። ትኩስ ሻይ ምላሱን የለበለበው ሰው ጣዕሙ የሚመለስለት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ጣዕሙን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ በየጊዜው የሚለዋወጠውን ሴል እንዴት ያገኘዋል? ሱብሓነላህ! ሴሎቹ ራሳቸው ይጠሩታል። ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ በነርቩ ላይ ደግሞ ትርክ-ቢ የሚባል ተቀባይ አለ። ያለ ተቀባዩ ፕሮቲኑ ሰሚ ያጣ ጥሪ ነው። ይህን መሰል ነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን በ1986 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ሳይኖራቸው በተወለዱ አይጦች ላይ ነርቮቹ መድረሻቸውን ስተው፣ እምቡጦቹም ቁጥራቸው አንሶ ተገኝቷል። ፕሮቲኑ ያለቦታው እንዲመነጭ ሲደረግም ነርቮቹ እምቡጥ ወደሌለበት ስፍራ ሄደዋል።

ውለታው ግን የአንድ ወገን አይደለም። እምቡጡም ያለ ነርቭ አይኖርም። ነርቩ ሲቆረጥ እምቡጡ ይከስማል፤ ነርቩ መልሶ ሲያድግ እርሱም ይመለሳል።

ይህ ለቤታችን ምን ይጠቅማል? የምላስን የፊት ክፍል ጣዕም የሚያደርሰው ነርቭ የሚያልፈው በመሐል ጆሮ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ነው። ስለዚህ የጆሮ ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና ጣዕም ሊያጠፋ ይችላል። ለካንሰር የሚሰጡ መድኃኒቶችም አዳዲስ ሴሎች እንዳይተኩ ያደርጋሉ። እናት «ወጡ ጨው የለውም» ባለች ቁጥር ምራቲቱን መውቀስ፣ ወይም ደም ግፊት ላለባት ሴት ጨው መጨመር፣ ትክክል አይደለም። ይልቁንስ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ጆሮዋን አሟት እንደነበረና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሳትረሳ ትንገረው።