የሕፃን ክብደት ሲጨምር ምን ይጨምራል?



በመካነ ሰላምም ሆነ በሳይንትና በወግዲ ደጋ፣ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ሲታይ እናቲቱ ትመሰገናለች። ይህ ደስታ ከንቱ አይደለም። የ1965ን እና የ1977 ዓ.ም.ን የወሎ ረሀብ ያሳለፈ ሕዝብ ልጁ ቢወፍርለት ደስ ቢለው ማን ይፈርድበታል?

ሆኖም ሚዛን የሚነግረን ጠቅላላውን ብቻ ነው። ከተጨመረው ኪሎ ውስጥ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻ፣ አጥንትና የውስጥ አካል እንደሆነ አይለይም። ይህን የሚለይ ጥናት በአገራችን በጅማ ተደርጓል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጅማና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በጅማ ሆስፒታል የተወለዱ ሕፃናትን እስከ 6 ወራቸው ደጋግመው፣ ካደጉም በኋላ ለኩአቸው። መሣሪያው ሕፃኑ ለጥቂት ደቂቃ የሚተኛበት ዝግ ሣጥን ነው፤ ገላው የያዘውን የአየር ቦታ ለክቶ፣ ከክብደቱ ጋር በማነጻጸር ስቡን ያሰላል። ሕመም የለውም።

ውጤቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ስብ ያከማቹ ሕፃናት በ4 ዓመታቸውም ስባቸው በዛ ያለ ነበር። ሲወለዱ ከስብ ውጪ ያለው አካላቸው የከበደ ደግሞ በ4 ዓመታቸው ይኸው አካላቸው የዳበረ ሆኖ ተገኘ፤ በ2 ዓመታቸውም በቋንቋ እድገት ይሻሉ ነበር።

ይህን ሰምቶ የከሳ ሕፃን ምግብ የሚቀንስ እንዳይኖር አደራ እንላለን። ዕድሜው ከ6 ወር አልፎ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ልጅ ለሞት ቅርብ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፣ ክብደቱም ፈጥኖ ይመለስ። በብራዚል፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስና በደቡብ አፍሪካ ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችም እስከ 2 ዓመት የሚገኝ ጥሩ እድገት ለቁመትና ለትምህርት እንደሚረዳ፣ ከዚያ በኋላ ቁመት ሳይከተለው የሚሮጥ ክብደት ግን ወደ ስብ እንደሚያዘነብል አሳይተዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ዘንድ ነው። ሕፃኑ ትንሽ ሆኖ ሲወለድ ቤተሰቡ ይቸኩላል፤ ለጨቅላው ቅቤ ማዋጥ፣ የላም ወተት፣ የስኳር ውሃ፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ የጣሳ ወተት ይጀምራል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም አያስፈልግም። ሐና እንኳ ሳሙኤልን ጡት እስክታስጥለው ድረስ ወደ ሴሎ መውጣቷን አቆይታ ቤቷ ተቀምጣለች። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ ይጨመር፤ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ይግባበት። ስኳርና ዘይት ብቻ የበዛበት ገንፎ ሚዛኑን ያስደስታል እንጂ ጡንቻ አይሠራም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦ ሚዛን ባለበት ሁሉ የቁመት መለኪያ ሰሌዳም ይኑር። በእድገት ካርዱ ላይ የክብደቱ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ቁመቱ ባለበት ከቀረ፣ እናቲቱን ሳትወቅሱ ምን እንደምታበላ ጠይቁ። ነፍሰ ጡሮችንም በእህል ማከፋፈሉ ጊዜ አትዝለሉ፤ ሕፃኑ ይዞት የሚወለደው ጡንቻና አጥንት የሚሠራው በእናቱ ማሕፀን ነውና።