የመኪና መብራትና የገበያ ተመላሽ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ጤፍ ሸጦ አህያውን እየነዳ የሚመለሰው ገበሬ ብዙ ጊዜ ይመሽበታል። መብራቱ ከሩቅ ስለሚታየው ሾፌሩም እሱን ያየው ይመስለዋል፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለት መኪኖች ረጅም መብራት አብርተው ሲገናኙ (ቶሎ የማይቀንሱ ሾፌሮች ጥቂት አይደሉም) የሁለቱም ዓይን ይጥበረበራል፤ እስኪመለስም ሴኮንዶች ይፈጃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አቧራ የለበሰ የፊት መስተዋት ብርሃኑን ስለሚበትን ችግሩን ያብሰዋል። ግራጫ አህያ ከአስፋልቱ ተለይታ አትታይም፤ ነጭ ጋቢ ግን ቀድሞ ይለያል። በመሆኑም የማኅበር መሪዎች አባሎቻቸው በምሽት የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዘው የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ እንዲጓዙ፣ ሲቃረብም ወጣ ብለው እንዲያሳልፉ በስብሰባ ቢያስገነዝቡ ይበጃል። አህያዋ መብራት ሲያርፍባት ልትደነግጥ ስለምትችል ገመዷ ከእጅ አይለይ።