የፍየል ካልዴሬታ በፕሬሸር ኩከር



ኮልፌ 18 ማዞሪያ ካለ ሙስሊም ሥጋ ቤት አንድ ኪሎ የፍየል ሥጋ ገዝታ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤቷ የገባች እናት፣ ወጡን ለመግሪብ ማድረስ ከፈለገች ጭንቀቷ የታወቀ ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ሥጋው ይገባል፣ ከሰሉ አንዴ ሁለቴ ይጨመራል፤ አዛኑ ሲሰማ ግን ሥጋው ገና ከአጥንቱ አልላቀቅ ይላል። ጥርሳቸው የደከመ አባት ወይም አያት ቤት ውስጥ ካሉ መረቁን ፉት ብለው ሥጋውን ለልጅ ልጅ ያሳልፋሉ። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በፍየሉ ዕድሜ ወይም በባለ ሥጋ ቤቱ እናሳብባለን። ያረጀ ፍየል እንደሚጠነክር እርግጥ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም የምንኖርበት ከፍታ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንዲህ ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እሳቱን የቱንም ያህል ብናበረታው በተለመደው ድስት ውስጥ ያለ ውኃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ። ጅማታም ሥጋን የሚያለሰልሰው ደግሞ ሙቀትና ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ሲያንስ ጊዜው ይረዝማል። ባሕር ዳርቻ ላይ ባለችው ጅዳ ሲያበስሉ ኖረው የተመለሱ እኅቶች «እዚህ ሥጋው አይበስልም» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ፕሬሸር ኩከር ይህን ችግር የሚፈታው እንፋሎቱን በማፈን ነው። ክዳኑ ተቆልፎ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ የውኃው መፍያ ሙቀትም አብሮ ከፍ ይላል። የተለመደው የቤት ውስጥ ፕሬሸር ኩከር በባሕር ወለል ላይ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በእኛ ከፍታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ወደ 115 ዲግሪ ይጠጋል። ከ92 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሥጋ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚበስለው። ሐሳቡ የቆየ ነው። ዴኒ ፓፒን የተባለ ፈረንሳዊ የመጀመሪያውን እንዲህ ዓይነት ድስት በ1679 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሲሠራ ያሰበው ጠንካራ አጥንትን ማለስለስ ነበር። እንዳይፈነዳም ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣ መተንፈሻ አበጀለት። ዛሬ በየቤታችን የሚያፏጨው ክብደት የዚያ መተንፈሻ ዘር ነው።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ከዚህ ድስት ጋር የተዋወቀው ዐረብ አገር ሠርተው በተመለሱ እኅቶች በኩል ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም የተመለሱት ብዙ ናቸው። ከእነዚህ እኅቶች በርካታዎቹ በየቤቱ አብረዋቸው ከሚሠሩ ፊሊፒናውያን ጋር አንድ ማዕድ ቤት ተጋርተዋል። «ካብሳን ያስተማረችኝ ማዳሟ ናት፤ ካልዴሬታን ግን ከፊሊፒኗ ነው የተማርኩት» ትላለች አንዲት የ18 ማዞሪያ እኅት። ድስቱን ይዛ የመጣች ጊዜ እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ቦምብ እኔ ቤት አይጣድም!» ብለው ነበር። «እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ እዪው» ብላ ነው ያሳመነቻቸው። ዛሬ ሥጋ ሲገዛ ድስቱን ከመደርደሪያ የሚያወርዱት እናትየዋ ናቸው።

ካልዴሬታ ምንድን ነው? ፊሊፒናውያን በሠርግና በበዓል የሚሠሩት የሥጋ ወጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከፍየል ነው። ስሙ የስፓኝ ነው፤ ትልቅ ድስት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ስፓኞች ከ1565 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንን ሲገዙ ቲማቲሙ፣ ድንቹና ቃሪያው ከአሜሪካ አህጉር በመርከብ እየተጫነ ገብቷል። ወጡ ቀይና ወፍራም ሲሆን የሚያወፍረው የተፈጨ ጉበት ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ በፊሊፒን ከመቶ 6 ያህሉ ሕዝብ ሙስሊም ሲሆን የሚበዙት በደቡብ በሚንዳናኦና በሱሉ ደሴቶች ይኖራሉ። እነርሱም «ቲዩላ ኢቱም» የሚሉት፣ በተቃጠለ ኮኮናት የሚጠቁር የራሳቸው የሥጋ ወጥ አላቸው። ለእኛ ማዕድ ቤት ግን ካልዴሬታው ይቀላል፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ከአትክልት ተራ ይገኛልና።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፊሊፒናውያን ለማወፈሪያ በቆርቆሮ የታሸገ የጉበት ቅብ ይጠቀማሉ፤ ከእነዚህ ቆርቆሮዎች ብዙዎቹ የአሳማ ጉበት አለባቸው። ከውጭ በመጣ ሻንጣ ውስጥ ካገኛችሁ ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈቱት። አንዳንዱ አሠራር ደግሞ ወይን ወይም ቢራ ይጨምራል። ሁለቱንም ትተን በሐላል የታረደ ትኩስ ጉበትና ጥቂት አቼቶ ብንጠቀም ወጡ ከጣዕሙ የሚያጎድለው የለም። እንዲያውም በእኔ ምላስ ትኩሱ ጉበት ይበልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ከነአጥንቱ የተቆራረጠ የፍየል ሥጋ፣ በተለይ ትከሻ፣ አንገት ወይም ቅልጥም ትወስዳላችሁ። ለዚህ ድስት ውድ የሆነው ለስላሳ ሥጋ አያስፈልግም፤ ጅማት ያለበት ርካሹ ክፍል ነው የሚያምርበት። ሥጋውን በሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና በተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ የፍየሉን ጠረን ይቀንሳል። መቶ ግራም ጉበት ለብቻው ቀቅላችሁ፣ ውስጡ ቀይ መሆኑ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ በሙቀጫ አድቅቁት። ከዚያ ድስቱን ሳትከድኑ በሦስት ማንኪያ ዘይት ሥጋውን ቡናማ እስኪሆን ጠብሱና አውጡት። በዚያው ዘይት ሦስት የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቀጥሎም አራት ቲማቲም አብስሉ። ሥጋውን መልሱ፣ ሁለት ኩባያ ውኃና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ የድስቱን ወለል በእንጨት ማንኪያ በደንብ ፋቁት። የቲማቲም ድልሁን፣ ሁለት ማንኪያ ያህል፣ ከላይ ጣል አድርጉት እንጂ አታማስሉት፤ ወፍራም ነገር ወለሉ ላይ ከተኛ ሳይታወቅ ያራል፣ ክዳኑ ደግሞ ተቆልፏልና ማማሰል አይቻልም።

ክዳኑን ቆልፋችሁ እሳቱን አበርቱት። እንፋሎቱ ሳያቋርጥ ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱና ደቂቃውን መቁጠር ጀምሩ። ከድስቱ ጋር የመጣው መመሪያ 30 ደቂቃ ቢል እናንተ 40 አድርጉት፤ መመሪያው የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ በሰዓቱ ላይ ሲሶ ያህል መጨመር ይገባል። ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ እንፋሎቱ በራሱ እስኪወጣ 15 ደቂቃ ያህል ተዉት። ስትከፍቱት ሦስት ድንችና ሁለት ካሮት በትልልቁ ቆርጣችሁ ጨምሩ፣ እንደገና ቆልፋችሁ ከፉጨቱ ጀምሮ አምስት ደቂቃ አብስሉ። ከመጀመሪያው አብረው ቢገቡ ግን ድንቹ ሟሙቶ ይጠፋል። በመጨረሻ የደቀቀውን ጉበትና የተከተፈ ትልቁን ጣፋጭ ቃሪያ ጨምራችሁ ክዳኑን ሳትቆልፉ አሥር ደቂቃ አንተክትኩት። ለጎረቤት መረቅ ማብዛት ሱና ነውና ውኃ መጨመር የፈለጋችሁ በዚህን ጊዜ ጨምሩ፤ ድስቱ ሲቆለፍ ከሁለት ሦስተኛው በላይ መሞላት የለበትም።

ወደ ፍርሃቱ እንመለስ። የእናትየዋ «ቦምብ» ማለት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ቁልፍ ያለው ክዳን ከነግፊቱ በጉልበት ከተከፈተ ወይም መተንፈሻው ከተደፈነ አደጋ ያደርሳል። ስለዚህ ከመጣዳችሁ በፊት ክዳኑን አንሥታችሁ የመተንፈሻውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን ተመልከቱበት፤ ብርሃን ካላሳለፈ በቀጭን ሽቦ ጥረጉት። የጎማ ቀለበቱ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ መለወጥ አለበት። ያገለገለ ድስት ከምናለሽ ተራ የምትገዙ ከሆነ ጎማውና ፉጨቱ ለዚያው ድስት የሚሆን መሆኑን እዚያው አስሞክሩ፣ መለዋወጫ የማይገኝለትን ተዉት። የደኅንነት ቡሹ በወጣበት ቦታ ብሎን የተጠቀጠቀበት ድስት ካያችሁማ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። አረፋ የሚያወጡ እንደ ምስር፣ ሩዝና አጃ ያሉትን ስታበስሉ ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ቀዳዳውን የሚደፍኑት እነርሱ ናቸው።

በከሰል የሚያበስል ቤተሰብ አለ፤ ከሰል ደግሞ እንደ ቡታጋዝ ቁልፉን አዙሮ የሚቀነስ አይደለም። ፉጨቱ ከበረታ ፍሙን በመቆንጠጫ አውጥታችሁ አመድ አልብሱት፣ ካልሆነም ድስቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ልጆች በአጠገቡ አይለፉ፤ የእንፋሎቱም መውጫ ወደ ግድግዳው ይዙር። ከሰሉን ደግሞ በር ዘግቶ ቤት ውስጥ ማንደድ አይገባም፤ ሽታ የሌለው ጭሱ ይገድላል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እያላችሁ መብራት ቢጠፋ ክዳኑን አትንኩ፤ በውስጡ ባለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ማብሰሉን ይቀጥላል። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ለብ ያለ ሥጋ የተሕዋስያን መራቢያ ስለሚሆን በሌላ እሳት ማስጨረስ ይሻላል።

በእንፋሎት የተቃጠለ ሰው ቢኖር የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙት። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ በፊት ይውለቅ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ መቀባት ሙቀቱን ከማፈንና ቁስሉን ከማመርቀዝ በቀር ጥቅም የለውም። ቃጠሎው ፊት ላይ ከሆነ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ስለ ምግብነቱ ደግሞ ጥቂት እንበል። በቀይ ሥጋና በጉበት ውስጥ ያለው ብረት ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት ነው፤ ቃሪያውና ቲማቲሙም መወሰዱን ያግዛሉ። ደም ማነስ ለሚያስቸግራቸው እኅቶችና ስድስት ወር ሞልቷቸው ተጨማሪ ምግብ ለጀመሩ ሕፃናት ይህ ቁም ነገር ነው፤ ለሕፃኑ ጨው ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ሥጋ አውጥታችሁ በደቃቁ ፍተጉለት። ጥርስ ለሌላቸው አዛውንትም ቢሆን ሥጋው በማንኪያ ስለሚፈርስ ከመረቅ አልፈው ሥጋውን ራሱን ይበላሉ። በዚህ ሙቀት ከበሰለ ሥጋ ኮሶ ይይዘኛል የሚል ስጋትም የለም።

ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ግን ጉበቱን ትታ በተፈጨ ድንች ታወፍረው፤ በጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ሪህ ያለበት ሰውም ጉበቱን ይተው፣ ሥጋውንም ያሳንስ። የደም ግፊት ላለባቸው ደግሞ ችግሩ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ፊሊፒናውያን የሚጨምሩት አኩሪ አተር ሶስና እኛ የለመድነው የሾርባ ኩብ ሁለቱም ጨው ናቸውና በጨው ላይ አይደረቡ። ስቡ የሚያሳስባችሁ ወጡን ማታ ሠርታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ የረጋውን በማንኪያ ገፋችሁ ማውጣት ነው።

ለዒድ አል-አድሓ ያረዳችሁትን ከሆነ የምትሠሩት፣ ሥጋው ከታረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የሚደርቅበት ጊዜ ስላለ ለድስት የምትፈልጉትን ክፍል ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር ይበጃል። የዕለቱን ጥብስና ዱለት በዕለቱ ብሉ፤ አንገቱና ቅልጥሙ ይደሩና በማግሥቱ ለካልዴሬታ ይሁኑ። ፊሊፒናውያን በሩዝ ይበሉታል። በእንጀራም ያስኬዳል፣ መረቁ ቶሎ ያርሰዋል እንጂ። ትኩስ ቆጮ ያለበት ቤት ግን ሌላ ማባያ ባይፈልግ አይፈረድበትም።