መብረቅ ሞባይል አይፈልግም

ክረምት ሲገባ ወሬም አብሮ ይገባል። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ «ሞባይላችሁን አጥፉ፤ መብረቅ ይስባል» ይላል። ቤተሰቡም ስልኩን ያጠፋል፤ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ግን ሶኬት ላይ እንደተሰኩ ናቸው!

ወሬውን ካጋጋሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አጭር ደብዳቤ ነው። ለንደን ውስጥ በአንድ መናፈሻ በሞባይል ስታወራ መብረቅ ስለመታት የ15 ዓመት ልጅ ይተርካል። ሐኪሞቹ ያሉት ጆሮ ላይ የተለጠፈ ብረት በቆዳ ላይ ሊያልፍ የነበረውን ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት ሊያስገባው ይችላል ነው፤ እሱም ቢሆን አከራክሯል። ስልኩ መብረቁን ጠራው አላሉም። መብረቅን የሚስበው ከፍታ፣ ሹልነትና ተነጥሎ መቆም ነው።

ብዙ ሰው የሚሞተው ደግሞ በቀጥታ ተመትቶ ሳይሆን በመሬት በኩል ነው። መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኤሌክትሪኩ መሬት ገብቶ ወዲያው አይጠፋም፤ ድንጋይ እንደወደቀበት ኩሬ ሞገድ ዙሪያውን ይሰራጫል፤ ከዛፉ በራቀ መጠንም ቮልቴጁ ይቀንሳል። እንግዲህ እግሩን አራርቆ የቆመ ሰው ሁለት የተለያዩ ቮልቴጆችን ረግጧል ማለት ነው። ልዩነት ካለ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ በአንዱ እግር ወጥቶ በሌላው ይወርዳል። ከብት ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው፤ የፊትና የኋላ እግሮቹ ተራርቀዋል፣ ልቡም መንገዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ኖርዌይ ውስጥ በሃርዳንገርቪዳ አምባ 323 አጋዘኖች በመብረቅ ባንዴ አለቁ። ሁሉንም አንድ በአንድ የመታቸው የለም፤ የፈጃቸው የቆሙበት መሬት ነው።

እግርን ገጥሞ ቁጢጥ ማለት ልዩነቱን ያጠብባል፤ ያድናል ብሎ መማል ግን አይቻልም። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ይህን ምክር ትቶ «ወደ መጠለያ ሩጡ» ይላል።

የቤቱ ዝግጅት ብዙ አይደለም። ዕቃው ከሶኬት የሚነቀለው ደመናው ሳይደርስ ነው፤ ከብቱም ከዛፍ ሥር የሚወጣው ያኔ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ መብረቅ አይስብም፤ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ከሌለው ግን አያስጥልም። ጎጆም እንዲሁ። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ይሻላል። ነጎድጓዱ እየተሰማ ከቧንቧ ውኃ መራቅ፣ ካባራም በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት ያስይዛል የሚለውም ሐሰት ነው። ሰውነቱ ኤሌክትሪክ አይዝም፤ ልቡ ግን ቆሞ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ከሌለው ደረቱን ወዲያው መጫን ጀምሩ፤ ሌላው እርዳታ ይጥራ።