የአይጧ አፍንጫ

በሐምሌ ቀትር የሪያድ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መንገዱ ጭር ይላል። በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ኮሌጅ ግን የሙከራ እንስሳት የሚረቡበት ማዕከል አለ፤ የከተማዋ ተመራማሪዎች በሚያወጧቸው ጽሑፎች ውስጥ ደጋግማ የምትጠቀሰው ዊስታር አልቢኖ የተባለች አይጥ የዚያ ቤት ልጅ ናት። ነጭ ጸጉር፣ ቀይ ዓይን፣ ረጅም ጭራ። የሙከራ አይጥ የምታድገው፣ አገሩ የትም ይሁን፣ 22 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው፤ መብራቱ 12 ሰዓት ይበራል፣ 12 ሰዓት ይጠፋል። የሪያድን ፀሐይ ሳታይ ትኖራለች ማለት ነው። ዘሯም የበረሃ አይደለም፦ በ1906 በአሜሪካ ፊላደልፊያ፣ በዊስታር ተቋም የተጀመረ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህች አይጥ ላይ ከሚጠኑ ጉዳዮች አንዱ ማስታወስ ነው። ሪያድ ባትሃ ገበያ ውስጥ ስትዘዋወር አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ሰላም አለህ እንበል። ፊቱን ታውቀዋለህ፤ ስሙና የት እንደተዋወቃችሁ ግን አልመጣልህም። ስሙን ፈልጎ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ “ይህን ፊት አይቼዋለሁ” ማለት ሌላ ነገር ነው። ሳይንቲስቶች የሚፈልጉት ሁለተኛውን፣ ያዩትን ካላዩት የመለየት ችሎታን ነው። አይጥ ደግሞ አትጠየቅም።

መላው በ1988 ተገኘ። ኤናሱርና ዴላኩር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አይጥ አዲስ ነገር ካየች ሳታሸት እንደማታልፍ ተመልክተው ፈተናውን በዚሁ ጠባይዋ ላይ ሠሩት። አይጧ ባዶ ሣጥን ውስጥ ትገባለች። ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች፣ ይቀመጡላታል። ጥቂት ደቂቃ ታሸትና ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች። ከአንድ ወይም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስትመጣ አንዱ ጠርሙስ ተነሥቶ በቦታው ሌላ ዓይነት ዕቃ ቆሞ ይጠብቃታል። የፊተኛውን ካስታወሰች “ይህንንስ አውቀዋለሁ” ብላ አዲሱ ላይ ትቆያለች። ከረሳችው ለሁለቱም እኩል ጊዜ ትሰጣለች። ተመራማሪው አፍንጫዋ ወደ ዕቃው የቀረበበትን ሰከንድ ይቆጥራል፤ ዕቃው ላይ ወጥታ ብትቀመጥ አይቆጠርላትም። በየመሀሉ ዕቃውም ሣጥኑም በአልኮል ይወለወላል፤ አለዚያ የምታስታውሰው ዕቃውን ይሁን የቀደመችውን አይጥ ሽታ አይታወቅም። ረሃብ የለ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት የለ፣ ለወራት ማሠልጠን የለ። ለእኔ የዚህ ፈተና ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ማስታወስን ይነካ እንደሆነ ወደሚጠናው የሴት ሆርሞን፣ ወደ ኢስትሮጅን፣ እንምጣ። የሴት አይጥ የሆርሞን ዑደት ከአራት እስከ አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ሎንግና ኢቫንስ በ1922 በዝርዝር ጽፈውታል። ዛሬ የትኛው ቀን ላይ እንዳለች ለማወቅ ጠዋት ከብልቷ ጥቂት ፈሳሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የሕዋሶቹ ቅርጽ ቀኑን ይናገራል። በ1990 በኒው ዮርክ ካትሪን ዉሊና ብሩስ ማክዩን ከባልደረቦቻቸው ጋር የአይጧን ሂፖካምፐስ፣ ማለትም በማስታወስ ሥራ የታወቀውን የአንጎል ክፍል፣ መረመሩ። በነርቮቹ ቅርንጫፍ ላይ እንደ እሾህ የበቀሉት፣ ነርቭ ከነርቭ የሚነጋገርባቸው ጉጦች ኢስትሮጅን ከፍ ባለበት ቀን ይበዛሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሲሶ ያህሉ ይቀንሳሉ። የጎልማሳ አንጎል እንዲህ በፍጥነት ይለዋወጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር።

ጉጡ ሲጨምር ማስታወስም ይሻሻላል? ቪክቶሪያ ሉዊን ከባልደረቦቿ ጋር በ2003 ያሳተመችው ሥራ መልስ ይሰጣል። እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎቻቸው በቀዶ ሕክምና ለወጡ አይጦች ኢስትራዲዮል፣ ዋነኛው የኢስትሮጅን ዓይነት፣ ተወጋላቸው። ዕቃውን ከማየታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም እንዳዩ ወዲያው የተወጉት ከሰዓታት በኋላ በደንብ ለዩ። ካዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተወጉት ግን አልጠቀማቸውም። ስለዚህ ሆርሞኑ የሚረዳው ትዝታው ገና በሚረጋበት ሰዓት ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ኢስትሮጅን ሠርግ ካለቀ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ ነው።

ይህን ያህል ታሪክ ያላት ሴት አይጥ ለብዙ ዘመን ከቤተ ሙከራ ተገፍታ ኖራለች። ሰበቡ “ዑደቷ ውጤት ያዛባል” የሚል ነበር። በ2011 የታተመ የቢሪና የዙከር ቆጠራ በነርቭ ሳይንስ በሴት ብቻ ለተሠራ አንድ ጥናት በወንድ ብቻ የተሠሩ 5.5 ጥናቶች እንደነበሩ አሳይቷል። ኋላ ግን ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የሴቶቹ ውጤት ከወንዶቹ የበለጠ እንደማይዋዥቅ ታየ። ያዛባል የተባለው ዑደት ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነበር።

ሳዑዲ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ የእንስሳት ምርምር ያለ ፈቃድ አይጀመርም። በ2010 የወጣው በሕያዋን ፍጥረታት ላይ የሚደረግ ምርምር ሥነ ምግባር ሕግ እንስሳትንም ይመለከታል፤ ጉዳዩን የሚከታተለው ብሔራዊ ኮሚቴም መቀመጫው ሪያድ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያረጠች እናት፣ ወይም ዕድሜዋ የገፋ እኅት፣ “ኢስትሮጅን አእምሮ ይስላል” የሚል ወሬ ሰምታ ፋርማሲ እንዳትሮጥ። በዚያው በ2003 በአሜሪካ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው 4,532 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ወጥቶ ነበር። ኢስትሮጅንን ፕሮጀስቲን ከተባለ ሌላ ሆርሞን ጋር ከወሰዱት 40ዎቹ የመርሳት በሽታ ያዛቸው፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 21። ከአይጧ ሰዓት ተነሥቶ የሰውን መገመት ቀላል አይደለም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ።